ዘፈን የሌለበት ዳንስ

ነህምያ እግሩ አርፎ አያውቅም። ትራም ሲጠብቅ መሬቱን ይመታል፤ ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን በሚሠራበት መጋዘን ካርቶን ሲደረድርም ይመታል። በጸሎት ሰዓት ሳይቀር ወንበር ስር ሲመታ እናቱ ወይዘሮ ትርፌ በክርናቸው ጎሸም ያደርጉትና "አንተ፣ ጌታን ፍራ እንጂ!" ይሉታል።

ታፕ ዳንስ ያስተማሩት ላንግሽትራሰ የሚባለው መንገድ ላይ አንድ ምድር ቤት ውስጥ የሚያሠለጥኑ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። የዳንሱ ጫማ ከስሩ ብረት አለው፤ ወለል ሲነካ ይጮኻል። ከነህምያ በፊት እዚያ አገር በዚህ ጫማ መድረክ ላይ የወጣ ሐበሻ ስላልነበረ ወገን ሁሉ "እስክስታውስ?" እያለ ያደርቀዋል። ወይ ጣጣ! እሱን የሚበላው እግሩ እንጂ ትከሻው አይደለም።

ጭንቀቱ ግን ሌላ ነው። እናቱ ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ ዘፈን ያለበት ደጃፍ አይረግጡም። እሱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ መጥተው ቢያዩት ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሙዚቃውን ከዳንሱ አስወጣው! ጫማና ወለል ብቻ ቀረ። የዙሪክ ጋዜጦች "ድፍረት ነው፣ አዲስ መንገድ ነው" አሉለት። የምን ድፍረት፣ እናቱን ፈርቶ ነው እንጂ!

ስሙ ወጣና ጄኔቫ ያለ አንድ ትልቅ ቲያትር ቤት ጠራው።

"እማ፣ አንድም ዘፈን የለበትም። ነይና ራስሽ ፍረጂ" ብሎ ለመናቸው።

እያጉረመረሙ ባቡር ተሳፈሩ። እሱማ መቀመጥ አቅቶት ከፉርጎ ፉርጎ ሲንጎራደድ ደረሱ።

አዳራሹ ጸጥ እንዳለ ጀመረ። መታ፣ መታ፣ ፈጠነ። ድንገት ከፊት ረድፍ ጭብጨባ ተነሳ፤ ቸርች ውስጥ መዝሙር ሲሞቅ የሚጨበጨበው ዓይነት። እናቱ ናቸው! ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አጠገባቸው ያለችው ፈረንጅ "እሽሽ!" ብትላቸው መች ሰምተው። ነህምያ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ እግሩ እጃቸውን ተከተለ፣ እጃቸውም እግሩን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ሲመለሱ ግን ባቡሩ ሎዛንን እንዳለፈ ወይዘሮ ትርፌ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ዋሽተኸኛል" አሉት።

"እማ፣ ሙዚቃ እኮ አልነበረም!"

"ዘፈን ነው። ዘፈን ለእኔ ትነግረኛለህ? ጌታን ሳላገኝ በሰፈራችን ሰርግ ያለ ትርፌ አይደምቅም ነበር።"

ነህምያ ይህን ሰምቶ አያውቅም።

"ሁለተኛ እንዳትጠራኝ፣ ልጄ" አሉት እጁን ጨብጠው። "ከመጣሁ ወደ ቸርች አልመለስም።"