ሁለት ሰው የሚያነሳው ብረት

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ወርክሾፕ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ «ያዝ!» ብዬ ጮህኩ... የሚይዝ ሰው አልነበረም።

ለማታውቁኝ፣ ሃርጌሳ ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ቤት የሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን ላይ እሠራለሁ። በኮምፒውተር እየታዘዘ ብረት የሚቆርጥ ማሽን ነው። ማንም አላስተማረኝም። መመሪያውን መዝገበ ቃላት ይዤ ገጽ በገጽ ስፈታ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። «በዚህ ዕድሜህ አይሆንልህም» ያሉኝ ሁሉ ዛሬ ሲቸገሩ የሚመጡት እኔ ጋ ነው።

ከተማው እየተገነባ ስለሆነ ለጉድጓድ ውሃ ፓምፖች መቀመጫ የሚሆን ወፍራም ብረት እንሠራለን። አንዱን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሰው ዑስማን ነበር። የሐረርጌ ሰው ነው፣ ዋሄን ገበያ በጋሪ ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ፣ የአራት ልጆች አባት። በወርክሾፑ ከእኔ ሌላ አማርኛ የሚናገር እሱ ብቻ ነበር። እኔ ሱማሊኛ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ከ«አንሳ» እና ከ«አስቀምጥ» ብዙም አላልፍም።

ብረቱን ማሽኑ ላይ ካወጣን በኋላ እሱ የወዲያኛውን ጫፍ ይይዛል፤ እኔ መለኪያውን እያየሁ በመዳብ መዶሻ መታ መታ አደርጋለሁ።

«ወደ አንተ... ትንሽ... ኧረ በዛ! መልስ!»

«ጋሼ፣ ሚስት ሲመርጡም እንዲህ ነበር እንዴ? ለዚህ ነዋ ብቻዎን የቀሩት!»

«ዝም ብለህ ያዝ።»

እስኪስተካከል ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ወሬ ነው... የልጆቹ ትምህርት፣ የአከራዩ ጠብ፣ ሼክ ኑር ሰፈር ያለው የውሃ ወረፋ። እኔ አልመልስለትም። እሰማለሁ።

አንድ ቀን የወርክሾፑ ባለቤት መጥቶ ሰዓቱን እያየ «አዴር፣ ማሽኑ የሚቆርጠው ለአሥር ደቂቃ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆሞ እናንተን ያያል» አለኝ። አዴር እዚህ አጎቴ እንደ ማለት ነው። አክብሮቱ ነገሩን አላለሳለሰልኝም።

ማሽኑ ላይ የሚታሰር ወፍራም ሰሌዳ ሠራሁ። በላዩ ሦስት ፒን ተከልኩ፤ ሁለቱን በረጅሙ ጎን፣ አንዱን በአጭሩ። ብረቱ ሦስቱንም ከነካ ቦታውን አገኘ ማለት ነው፤ መለካት ቀረ። ቦልት በመፍቻ ማጥበቁን ትቼ በአንድ እጀታ የሚቆልፍ መያዣ አደረግኩ። ከቧንቧ ቁራጭ ማንከባለያ ሠርቼ ከማሽኑ ጠረጴዛ እኩል አቆምኩት። ከመኪና የሚያወርዱት ሰዎች ብረቱን እዚያ ላይ ይደረድሩታል፤ ከዚያ ተገፍቶ ይገባል እንጂ አይነሳም።

መጀመሪያ ስሞክረው ብረቱ ተንገዳገደ። ዑስማን ቁጢጥ ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ ፍቅፋቂው ፒኑ ሥር እየተሰበሰበ ነው። መውረጃ ቦይ ያውጡለት።»

አወጣሁለት። ልክ ሆነ። ዑስማን ብረቱን በአንድ እጁ ገፋ አድርጎ ቦታው ሲያስገባው ሳቀ።

«ማሻአላህ! ብረቱ ራሱ ቦታውን ካወቀ እኔ የት ልቁም?»

ቀልድ መሰለኝ።

ባለቤቱ ሊያይ መጣ። ጭነን ቆልፈን እስክንጨርስ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። «ስንት ሰው ይፈልጋል?» አለኝ።

«አንድ ሰው ይበቃዋል» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ዑስማን ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

ቅዳሜ ከሥራ ተቀንሶ ወደ ዋሄን፣ ወደ ጋሪው ተመለሰ። ሲሰናበተኝ ያለኝ «እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ» ብቻ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ብረቱን ስገፋ ከልምድ የተነሳ ነው የጮህኩት። ባለቤቱ ቢሮው ሆኖ ሰምቶኝ ወጣ።

«አዴር፣ ማንን ነው የምታናግረው?»

«ማሽኑን።»

አልሳቀም። ማንከባለያው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ዑስማንን መመለስ እችላለሁ። በወርክሾፑ ድርሻ ያላቸው ወንድሞቼ ግን ምክንያት ይጠይቁኛል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል በለኝና ዛሬውኑ አስጠራዋለሁ።»

ሦስቱን ፒኖች አየኋቸው። በብረቱና በእነሱ መሃል ፀጉር አይገባም። በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም... ዑስማን አራት ልጆች እንዳሉትም አውቃለሁ።

«አንድ ሰው ይበቃዋል» አልኩ።

የምጨምረው ያለ መስሎት ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ተነስቶ ሄደ።

ሳልዋሽ ልለው የምችለው ነገር ነበረኝ፤ ሥራው አይፈልገውም፣ የምፈልገው እኔ ነኝ። ሱማሊኛዬ አልበቃ ብሎኝ ነው እንዳልል... በአማርኛ ቢጠይቀኝም ከአፌ አይወጣም ነበር።