ሁለት ኒውክለስ ያለው ሽንኩርት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም፤ ለነፍስ አባቴም ጭምር። ለሳቸው ቀላል ቀላሉን ነገርኋቸውና ይኼን ዘለልሁት፤ ምን ዓይነት ኃጢአት እንደሆነ ለራሴም አልገባኝማ። አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ። መሳቅ ካማረህም ጨርሼ ሳቅ።

ማይክሮስኮፑን የሰበርሁት እኔ ነኝ።

ሐይቅ ስንማር ትምህርት ቤታችን የነበረው አንድ ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው፤ እንደ ታቦት ተሸፍኖ ይወጣል፣ ተሸፍኖ ይገባል። መምህራችን የሽንኩርት ስስ ልጣጭ መስታወት ላይ አነጠፈ፣ አዮዲን ጠብ አደረገበት፣ አሰለፈን። «ትልቁን ማዞሪያ የነካ ወዮለት!» አለ። ተራዬ ደረሰና ዓይኔን ደፋሁ። እንደ ካብ ድንጋይ የተደረደሩ ሴሎች! በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ምስር የመሰለች አንዲት ኒውክለስ! የአምባሰልን ተራራ እንዳለ የዋጥሁት መሰለኝ። ግን አልጠገብሁም። ኒውክለሷ ውስጥስ ምን አለ? ትልቁን ማዞሪያ አዞርሁ። ሌንሱ ወረደ፣ ወረደ፣ መስታወቱን ገጨና ቅጭ አለ።

ከኋላዬ የነበረችው ጦይባ ናት። ገና ዓይኗን ከመድፋቷ ቀና ብላ፣ «ቲቸር፣ ተሰብሯል» አለች። የሰበረ ሰው እንዲህ ብሎ ይናገራል? ይህን የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ እኔማ አውቃለሁ።

መምህሩ ባገሩ ደንብ «ማሉ!» አለን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንደየእምነቱ ማለ። እኔ፣ የሰበርሁት እኔ፣ «እስጢፋኖስን አልነካሁም!» ብዬ ጮኽሁ፤ ሐይቁ ላይ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ጦይባ ግን በእውነት እንኳ ቢሆን በአላህ ስም እንዳትምል አባቷ መክረው ያሳደጓት ልጅ ናት። «አልሰበርሁም። ግን አልምልም» አለች። በቃ፣ ያልማለ ሰበረ። ዓመቱን ሙሉ ማይክሮስኮፑ አጠገብ ድርሽ እንዳትል ተከለከለች።

እዚያ ላይ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት? «ሰባሪዋ» ብዬ ስም አወጣሁላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስሙ ከግቢው ወጣ፣ ገበያ ወረደ፣ ሠርጓ ላይ ሳይቀር ተጠራ።

ያን ቀን ስንወጣ በሩ ጥግ ቁጢጥ ብዬ አይታ «አብሽር» ብላኝ አለፈች። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ታዞረኛለች። አይታኝ ነው? ወይስ የታመምሁ መስሏት? ካየችኝ ለምን አላጋለጠችኝም? ካላየችኝስ እኔን ማጽናናቷ ለምን ነበር?

ማይክሮስኮፑ አሁንም አለ። ሌንሱ ከተሰነጠቀ ወዲህ አንዱን ሁለት እያደረገ ያሳያል። ከሐይቅ እስከ አርዲቦ ያለ ተማሪ ሁሉ በኔ ጦስ ለሽንኩርት ሴል ሁለት ኒውክለስ ይስላል፣ ኤክስ ይሰጠዋል። ሰሞኑን ልጄ ቤዛም ኤክሷን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ያየሁትን እኮ ነው የሳልሁት!» ብላ አኮረፈች። ቆየት ብላ ደግሞ ሳቅ አለችና፣ «የሰባሪዋን ልጅማ ጭራሽ አላስነኳትም። በዘርሽ ነው አሏት» አለችኝ።

እኔ ያወጣሁት ስም! ለልጅ ልጅ ሊተርፍ!

በማግስቱ የቤዛ አስተማሪ ዘንድ ሄድሁ። «ያን ማይክሮስኮፕ የሰበርሁት እኔ...» ብዬ ሳልጨርስ፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ! ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይፈረድበታል? ሐይቁን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቼ መልሼ ሞላሁት ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። «እስጢፋኖስን!» ልለው አፌን ከፈትሁና ትቼው ወጣሁ። በሐሰት የማልሁበትን ስም ለእውነት ስጠራው ማን ይሰማኛል?

ሰኞ የወላጆች ስብሰባ አለ፤ ጦይባም ትመጣለች። እነሣለሁ። ይስቃሉ፤ ስቀው እስኪወጣላቸው እቆማለሁ። «ጦይባ፣ አውፍ በይኝ» ብዬ ይቅርታ መለመን ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። ልጅ ነበርሁም አልልም፤ በዚያ ስም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ስጠራት የኖርሁት በጎልማሳ አፌ ነው። የምናገረው ይህንኑ ነው፦

እኔ ሰበርሁት። ግን አልምልም።