በባዶዋ ቱቦ ውስጥ የተገኘችው ላም

እናቴ ሥራዬን ለሰው ስታስረዳ «አፈር ታጥባለች» ትል ነበር። እዚህ አሜሪካ ቤተ ክርስቲያን የምታገኛቸው ሴቶች አንዷ ልጄ ነርስ ናት፣ ሌላዋ ልጄ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ሱፐርቫይዘር ሆነ ሲሉ፣ እሷ ኩራት ይሁን ሐፍረት ባልለየለት ድምፅ «የእኔዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አፈር ታጥባለች» ትላለች። እኔ ቶሎ የሚነደኝ ሰው ነኝ። መኪናው ውስጥ ገብተን በሩን እንኳ ሳልዘጋ «አላጥብም እኮ፣ እማዬ! ስንቴ ልንገርሽ?» ብዬ እጀምራለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን ከእሷ የተሻለ አጭር ማብራሪያ አልነበረኝም። ከሩቅ ሰሜን፣ መሬቱ ክረምት ከበጋ በረዶ ሆኖ ከሚኖርበት አገር፣ ተቦርቡሮ የወጣ አፈር በማቀዝቀዣ ታሽጎ ይመጣልናል። ከዚያ ላይ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ቆንጥረን ውስጡ የቀረውን ዲኤንኤ እናወጣለን። ዲኤንኤው ብዙ ሺህ ዓመት የቆየ ስለሆነ ተቆራርጧል፣ ጫፍ ጫፉም ተበልቷል። ቢሆንም በበረዶው ዘመን እዚያ ቦታ ላይ ምን ይበቅል፣ ምን ይግጥ እንደነበር ይነግረናል፤ ሣሩን፣ አኻያውን፣ ፈረሱን፣ ጎሹን፣ ማሞዝ የሚባለውን ጸጉራም ዝሆን። አጥንት አያስፈልግም። እንስሳው ሸንቶ ያለፈው፣ ከገላው የረገፈው ይበቃል።

ይህን ለእናቴ ያስረዳኋት ሜፕልዉድ ባለው አፓርታማችን ሶፋ ላይ ጋደም ባለችበት ነው። ጥቂት አሰበችና «እና ያ ሁሉ ዝሆን አልቆ ሽንቱ ቀረ ነው የምትይኝ?» አለች።

«አዎ።»

«ጉድ ነው! ለዚህ ነው ስድስት ዓመት የተማርሽው?»

ሁለታችንም ሳቅን። የእሷ ሳቅ ግን ወደ ሳል ተለወጠና ቶሎ አልቆም አላት። የያዛት ካንሰር ሳንባዋ ላይ መድረሱ የተነገረን በዚያው ሰሞን ነበር።

አፈሩ የሚከፈትበት ክፍል ደንቡ ብዙ ነው። ከራስ እስከ እግር ነጭ ቱታ፣ ማስክ፣ ድርብ ጓንት ይለበሳል፤ ጠረጴዛው፣ ግድግዳው፣ የበር እጀታው ሳይቀር በበረኪና ይወለወላል። የዛሬ ዘመን ቅንጣት ከገባ የጥንቱን ይሸፍነዋል። እናቴ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምራ ራሴን ቅቤ ትቀባኛለች። አሜሪካ መጥታም አልተወችም። የሱቁን ቅቤ «ሽታ የለውም» ብላ ስለምትንቀው ክሬም ገዝታ በጠርሙስ እየናጠች ራሷ ታወጣለች። እኔም ወደዚያ ክፍል ከመግባቴ በፊት ሁለት ቀን አስቀድሜ ራሴን በደንብ እታጠብና ነገሩ በሰላም ያልፍ ነበር።

ሕክምናው እጇን አደከመውና ቅቤው ለወራት ቀረ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን «ነይ፣ ዛሬ ደህና ነኝ» ብላ ጠራችኝ። የአርባ ሦስት ዓመት ሴትዮ ሆኜ በእናቴ ጉልበቶች መሃል ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀባችኝ፤ ከዚያ ሹሩባ ትሠራኝ ጀመር። ድሮ ወሬዋን ሳትጨርስ የሚያልቅላት ሥራ እስከ ከሰዓት በኋላ ፈጀባት። እየሠራች ታርፋለች፣ እያረፈች ትሠራለች። አንዱ ጉንጉን ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ መስመሩም ጠማማ ሆነ። ስትጨርስ በመስታወት አይታው «አየሽ፣ እጄ አልረሳም» አለች። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ልገልጸው አልችልም።

ቅቤው እንዲለቅ ሹሩባው መፈታት ነበረበት። አልፈታሁትም፤ እንዴት ብዬ ልፍታው? እሁድ የፕላስቲክ ኮፍያ አጥልቄ ገላዬን ብቻ ታጠብኩ። ሰኞ ቱታውን ስለብስ አንዷ ጉንጉን ሾልካ ወጣችና በጓንቴ መልሼ ከተትኳት። ከዚያ በኋላ የላይኛውን ጓንት መለወጤን እስከ ዛሬ አላስታውስም።

በዚያ ቀን የከፈትኩት አፈር የትም የማይገኝ ነበር። የተቆፈረበት የወንዝ ዳር ገደል በማግስቱ ዓመት በረዶው ቀልጦ ወንዙ ውስጥ ተንዷል። አለቃዬ ለዓመታት ስትጠብቀው የኖረችው ያንኑ ነው፤ በዚያ አገር የመጨረሻዎቹ ፈረሶች መቼ እንደጠፉ ይነግረናል ብላ ተስፋ አድርጋበታለች። እኔ ግማሹን ተጠቀምኩ፣ ግማሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀረ።

ውጤቱ ሲመጣ አለቃዬ በደስታ ጠራችኝ። ማንም ያልጠበቀው ብዙ ጎሽ! ቀጥሎ ባዶዋን ቱቦ ከፈተች። ባዶዋ ቱቦ አፈር አይገባባትም፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል እየተንከራተተች ውኃና ዲኤንኤ ማውጫውን ኬሚካል ብቻ ይዛ ትወጣለች። እሷ ውስጥ አንድ ነገር ከተገኘ ቆሻሻው ከእኛ መጣ ማለት ነው። እሷም ውስጥ ያው ተገኘ። ቀርበን ስናየው ጎሽም አልነበረም፤ የጎሽ ዘመድ የሆነች ላም ነበረች፣ ዲኤንኤዋ ያልተቆራረጠ፣ ጫፉ ያልተበላ፣ የዘንድሮ ላም።

ስብሰባ ተጠራ። ማን የቆዳ ጃኬት ለብሶ ገባ፣ ማን ወተት ጠጣ እየተባለ ሲጠየቅ ሹሩባዬ ትዝ አለኝ። «ቅቤ ነው» አልኩ። «የእኔ ነው። ራሴ ላይ ነበረ።»

«ራስሽ ላይ?» አለች አለቃዬ።

«እናቴ ቀብታኝ ነው።»

ማንም አልሳቀም። አለቃዬ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። የመዝገብ ደብተር አምጥታ አዲስ ደንብ አወጣች። ከዚያ ወዲያ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው ባለፈው ሳምንት ራሱንና ቆዳውን የነካውን ሁሉ እንዲያስመዘግብ ተወሰነ። ከዚያ «የቀረውን ግማሽ አንቺው ትሠሪዋለሽ፣ ሌላ አላምንም» አለችኝ። ይህ እምነቷ ከቁጣ የበለጠ ከበደኝ።

የተናደድኩት በራሴ ነበር፤ የወጣው ግን እናቴ ላይ ነው። ቤት እንደገባሁ «በአንቺ ቅቤ ምክንያት የስንት ሰው ልፋት ገደል ገባ!» አልኳት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። «ላሟን አገኛችኋት?» አለች ተገርማ። «ያችን ከምታህል ቅቤ?» ከዚያ ተነስታ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ኩሽና ገባችና ጠርሙሱን ከቁም ሳጥኑ ኋላ ሸሸገችው። ልክ እንዳጠፋ ልጅ። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ሰኞ ሆኖ ተቆረጠ። በዚያን ጊዜ እናቴ ሆስፒታል መሄድ አቁማ ቤት ተኝታ ነበር፤ ነርስ እየመጣች ታያታለች። ቅዳሜ ዕለት አልጋዋ ጫፍ ቁጭ ብዬ ትራሷን ሳስተካክል እጇን ወደ ራሴ ሰደደች። ጣቷ ላይ ቅቤ ነበር፤ ጠርሙሱን ማንን ልካ እንዳስመጣች አላውቅም። «ትንሽ ብቻ» አለችኝ። «መሃል አናትሽ ላይ። ደርቋል እኮ።»

ዘወር አልኩባት። «እማዬ! ሰኞ ከአፈሩ ዲኤንኤ ኤክስትራክት አደርጋለሁ አላልኩሽም? ከሰኞ በኋላ የፈለግሽውን ያህል።»

«እሺ፣ ከሰኞ በኋላ» አለች። ጣቷ ላይ የቀረውን ቅቤ የራሷን የእጅ ጀርባ ቀባችው።

እሁድ ረፋድ ላይ አረፈች።

ለቅሶ ደራሹ ከአፕል ቫሊ፣ ከየትም ከየትም እየመጣ አፓርታማው ሞላ። አለቃዬም አበባ ይዛ መጥታ ነበር። ሥራው እስክበረታ ይቆያል አለችኝ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ራሷን አትቀባምና የላብራቶሪውን ደንብ ለማክበር አልተቸገርኩም። ጸጉሬ ደርቆ ተሰባበረ። አንድም ሰው ነይ ልቀባሽ አላለኝም።

ከወር በላይ ቆይቼ ገባሁ፤ የቀረችውን አፈር ከፈትኳት። ውጤቱ የመጣ ቀን አለቃዬ አስቀድማ ባዶዋን ቱቦ አየች። ምንም አልነበረባትም። ከዚያ አፈሩን ከፈተች፤ ሣር፣ አኻያ፣ ከተጠበቀው ዘመን በኋላም በሕይወት የቆየ ፈረስ። አቀፈችኝ። ሳለቅስ ደስታ መሰላት፤ እውነትም ትንሽ ደስታ ነበረበት።

ከዚያ የመዝገብ ደብተሩን አወጣች። ሌሎችም እንዲከተሉት በዚህኛው ጊዜ ለየት አድርጌ ያደረግሁትን ለመጻፍ ፈልጋ ነው። «በረኪናው ያው ነው፣ ጓንቱም ያው ነው» አለች። «ሌላ ምን አደረግሽ?»

«እናቴ ልትቀባኝ እጇን ስትዘረጋ እምቢ አልኳት» አልኩ።

እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። አልጻፈችውም።