ምስጋና የበላው ስሞታ

ኦፕን ሶርስ፣ ይኸ በነጻ የሚታደለው ሶፍትዌር፣ የሁሉም ነው የሚባለው ውሸት ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት መሆኑ እውነት ነው፤ ባለቤቶቹ ግን አፍ አውጥተው የሚናገሩት ብቻ ናቸው። እኛ ደግሞ በነጻ በሰጠን ሰው ፊት አፍ ማውጣት ነውር ነው ተብለን ያደግን ነን።

ቡራዩ በምከራይበት ግቢ፣ ከጀርባ ባለችው ክፍል አንዲት ፕሮግራመር ትኖራለች። የሰበታና የዓለም ገና ትንንሽ ፋርማሲዎች የመድኃኒት ክምችታቸውን የሚቆጣጠሩበትን ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት፤ የምትተዳደረውም በእሱ ነበር። ፕሮግራሙ የቆመው በአንድ ትልቅ የኦፕን ሶርስ ፕላትፎርም ላይ ነው። ፋርማሲዎቹ የሚጠቀሙት ግን የከተማ ቢሮዎች የጣሏቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች ነው።

አዲሱ ቨርዥን ከመውጣቱ በፊት የፕላትፎርሙ ሰዎች በይፋ ጠየቁ፦ በአሮጌ ማሽኖች ላይ እንዳይሠራ ልናደርግ ነው፤ የሚጎዳ አለ? እሷም መልስ ጽፋ አሳየችኝ። “አዎ፣ እኛ እንጎዳለን። ደንበኞቼ ሌላ ማሽን መግዛት አይችሉም። አንድ ቨርዥን ታገሡን።” ይኸው ነው።

“አንዲት ፊደል እንዳትነኪ” አልኳት።

እሁድ እሁድ ሻይ ቤት የሚሰበሰቡ ፕሮግራመሮች አሉን፤ እኔ ኮድ ከተውኩ ብቆይም ለክርክሩ እሄዳለሁ። ከመላኳ በፊት እነሱ ዘንድ ይዛው መጣች። አንደኛው፣ ሱሉልታ የሚኖርና ከተማ ወርዶ ባንክ የሚሠራው፣ ስልኳን ተቀብሎ አነበበ።

“እንዴ! ሰላምታ እንኳ የለውም? ሰዎቹ በነጻ እየሠሩልሽ ጭራሽ ትቆጫቸዋለሽ?”

“ጠየቁ፣ መለስኩ” አለች።

“ቢሆንም መጀመሪያ ገለቶማ ብለሽ አመስግኛቸው እንጂ! ምን ይሉናል?”

“ምንም አይሉንም፤ መኖራችንንም አያውቁ” አልኩ።

“ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ሠርግ ቤትም ስሞታ ይዘህ ነው የምትገባው።” ሳቁብኝ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ምስጋና ጨመረ፤ ሌላው “እጃችሁ ይባረክ” አለበት። “እንጎዳለን” የሚለው “ትንሽ ልንቸገር እንችል ይሆናል” ሆነ፤ ቀጥሎ እሱም ቅሬታ ይመስላል ተብሎ ወጣ። በመጨረሻ ስለ ማሽኖቹ የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ “አሮጌ ማሽኖቻችንን እስካሁን ስላገለገላችሁልን ከልብ እናመሰግናለን።” የስንብት ንግግር ነው። እሷም ታላላቆቿን ማሳፈር ከብዷት ላከችው።

ምላሹ ቶሎ መጣ፤ “ስለ መልካም ቃላችሁ እናመሰግናለን” የሚልና አንድ ቀይ ልብ። ጥያቄውም ተቃዋሚ አልቀረበም ተብሎ ተዘጋ።

ቨርዥኑ የወጣ ቀን የሻይ ቤቱ ፕሮግራመሮች የስልክ ግሩፕ በጭብጨባና በእሳት ምልክት ተጥለቀለቀ። “እንኳን ደስ አለን!” ተባለ። የሱሉልታው ረጅም ውዳሴ ጻፈ። ቡራዩ ያን ቀን መብራት ስላልነበረ እሷ ልትሞክረው አልቻለችም፤ ከአወዳሾቹም አንድም የሞከረው ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ መድኃኒት አከፋፋዮች በዚያው ፕላትፎርም የሚሠራውን የማዘዣ ፕሮግራማቸውን ወደ አዲሱ ቨርዥን አዞሩ፤ አሮጌዎቹ ማሽኖች ከእነሱ ጋር መገናኘት አቃታቸው። ፋርማሲዎቹ አንድ በአንድ ተዉዋት። የመጨረሻዋ ደንበኛ፣ ሰበታ ያሉ አንዲት ትልቅ ሴት፣ “ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን በሽተኛ መድኃኒት ሲለኝ ስክሪን አላጎርሰው” አሏት። ፕሮግራሙን በገዛ እጇ አጥፍታ ተመለሰች።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ እየተጋፋች ከተማ ትወርዳለች፤ ሰው ቢሮ ተቀጥራ ስልክ ታነሣለች። የሱሉልታው በቀደም አግኝቷት ከልቡ አዘነ። “በጊዜው ብትነግሪያቸው ኖሮ እኮ...” አላት። እያሾፈባት አልነበረም፤ ቃሏን ያስወጧት እነሱ መሆናቸውን እውነትም ረስቶታል።

አንባቢዬ፣ ነገ አንተንም የሚጎዳ አለ ወይ ብለው ይጠይቁሃል። ምስጋናህን ለራስህ ያዝ። የሚሰበርብህን ነገር ጻፍና ለማንም ሳታሳይ ላከው።