ማዴሊን ደሴት ላይ ሞገድ የሚነሣው መቼ ነው?

በኖቬምበር አጋማሽ፣ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሜሮን ኮሎምቢያ ሃይትስ ካለው አፓርታማዬ በር ላይ መኪናዋን አቆመች። ጣሪያው ላይ የሞገድ መንሸራተቻ ሰሌዳዋ ታስሯል። ፍሪድሊ በሚገኝ የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካ አብረን እንሠራለን። እሷ መንሸራተት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኔ ዋና አልችልም። የሄድኩት ሞገዱ በየትኛው ወቅት እንደሚመጣ አይቼ ለመጻፍ፣ እሷንም ከዳር ሆኜ ለመጠበቅ ነበር። ደሴቷ ያለችበት ሐይቅ በጁላይ ሳየው ንቅንቅ አይልም ነበር።

አራት ሰዓት ሙሉ ነዳን። ከሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ዓርብ ማታ የገዛነውን የምስር ሳንቡሳ መንገድ ላይ ጨረስን። ቤይፊልድ ወደብ ላይ መኪናችንን ወደ ደሴቷ በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ያስገባው ሽማግሌ፣ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሁለት ቀን ከነፈሰ ጥሩ ሞገድ እንደሚኖር፣ ነፋሱ ሲቆም ግን ጉም እንደሚከተል ነገረን።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ የደሴቷ ዳርቻ

ከእኛ በቀር ሰው የለም። ሞገዱ እስከ ደረት ይደርሳል። ሜሮን ጥቁሩን የጎማ ልብሷን ለብሳ ገባች፤ አራት ጊዜ ስትንሸራተት ቆጠርኩ። ከዚያ ነፋሱ ቆመ። ውሃው ከአየሩ ይሞቅ ስለነበር እንደ ጭስ ተነነ፤ ሜሮንም ከዓይኔ ጠፋች።

“ሜሮን” አልኩ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ። ደግሜ ከፍ አድርጌ ጠራሁ። መልስ የለም። ጥቂት ቆይቶ ስሟ ከሐይቁ መሀል ተጠራ፤ በእኔ ድምፅ። ድምፅ የሚመልስ ገደል በአካባቢው አልነበረም።

ሰሌዳው ብቻውን ወደ ዳር መጣ። ከእግሯ ጋር የሚያስረው ገመድ ተበጥሷል።

ያን ጊዜ ስህተቴ ገባኝ። የእኔም የእሷም እናት ያሳደጉን፣ የማይታይ ሰው ሲጠራችሁ፣ በተለይ ውሃ አጠገብ፣ “አቤት” አትበሉ እያሉ ነው። ሰምታኝ ይሆናል፤ እኔ መሆኔን ግን በምን ታውቃለች?

“እኔ ሩት ነኝ!” ብዬ ጮህኩ። “ሐሙስ ምሳ ላይ አለቃችንን የደረቀ ዳቦ ያልሽው አንቺ ነሽ!”

“አቤት!” የሚል ድምፅ በግራዬ ከሩቅ ተሰማ።

ውሃው ጉልበቴን እስኪነካ ገብቼ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ማውራት ቀጠልኩ። ሜሮን በድምፄ እየተመራች መጣች፤ አሸዋው ላይ የወጣችው በእጇና በጉልበቷ ነው።

“ሁለት ቦታ ሆነሽ ነበር የምትጠሪኝ” አለች ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። “አንዱ ከጀርባዬ፣ ከጥልቁ። የቷ አንቺ እንደሆንሽ ስላላወቅሁ ዝም አልኩ። ያቺኛዋ ደግሞ ካንቺ የተሻለ ትጮሃለች።”

ከመጣን በኋላ

ማታ ቤት ደረስን። ለመሄድ ለምታስቡ፦ ሞገዱ የሚገኘው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው፤ ነፋሱ መድከም ሲጀምር ግን ከውሃው ውጡ። ዳር የሚቆመው ሰውም ስም ብቻ መጥራት አይበቃውም።

እሑድ ጠዋት ሁለት ፊሽካ ገዝቼ ለሜሮን ደወልኩላት። ለሚቀጥለው ጉዞ እንደሚረዳን ነገርኳት።

“ያቺኛዋስ ፊሽካ ቢኖራት?” አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ሰፈሬ ወዳለው መዋኛ ሄድኩና ለጀማሪዎች የዋና ትምህርት ተመዘገብኩ።