አሥራ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ያለው ይቅርታ

ባሌ እንድሪያስ ምንጭ ሳይጠቀስለት ውሃ እንኳን የማይጠጣ ሰው ነው። «ዛሬ ይዘንባል» ስለው «ማን አለ?» ይለኛል። እኔ በለጥሽ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ችዬዋለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ሰማዕትነት ካለ እናንተ ንገሩኝ።

ሥራው እዚሁ አርባ ምንጭ፣ በአንዲት ትንሽ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት፣ ክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር ማስተማር ነው። ሴቻ ያለው ቤታችን ወንበር የለውም፤ መጽሐፍ ግን ሞልቷል። ስለ ሕሊና፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ጦርነት የሚያወሩ ወፋፍራም መጻሕፍት በቲማቲም ሣጥን ተደርድረዋል። እንግዳ ሲበዛብኝ ስለ ኃጢአት የሚያወራው ክምር ላይ አስቀምጠዋለሁ።

እንድሪያስ ለተማሪዎቹ በአማርኛ የራሱን መጽሐፍ መጻፍ ጀመረ። ሌላው ሁሉ አልቆ «ዕርቅ» የሚለው ምዕራፍ ላይ ሁለት ዓመት ቆመ። «ማጣቀሻ አነሰኝ» ይላል። ውሸቱን ነው፤ ለምን እንደቆመ እኔ አውቃለሁ።

ዘርአብሩክ የሚባል ባልደረባ ነበረው። ባልደረባ ብቻ? ወንድሙ ነበር እንጂ! ገጠር ገረሴ አብረው አድገው፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰው ነው የተማሩት። በ1987 ዓ.ም. ዘርአብሩክ ስለ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽሑፍ ሲያቀርብ፣ የኔው ጉድ በተማሪዎቹ ፊት ብድግ ብሎ «መምህሩ መጽሐፉን አላነበቡትም» አለ። ዘርአብሩክ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ በኋላ በአንድ የመምህራን ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ሽሮ ባቀረብኩ ቁጥር እንድሪያስ «ዘርአብሩክ ይወድ ነበር» ይላል፣ ስለ ሞተ ሰው እንደሚያወራ።

በ1989 ሚያዝያ ላይ ዘርአብሩክ ወደ አዋሳ ሊዛወር ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃው ይጫናል የሚል ወሬ መጣ። የእንድሪያስ ፊት አመድ መሰለ። እንደተኳረፉ ከሄደ በቃ፣ እስከ መቃብር እንደተኳረፉ ነው። ሦስት ቀን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይቅርታ ጻፈ። አምስት ገጽ! የይቅርታ ትርጉም፣ የሊቃውንት አስተያየት፣ ከሥር አሥራ አንድ የግርጌ ማስታወሻ። ጥፋቱ የሚገኘው አራተኛው ገጽ ላይ ነው፣ እሱም «በደል ተፈጽሟል ቢባል ስህተት አይሆንም» ተብሎ።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ይቅርታ ነው ወይስ ፈተና?» አልኩት።

«ምሁር ለምሁር የሚጽፈው እንዲህ ነው» ብሎ ላከው።

ዓርብ ከሰዓት ደብዳቤው ተመልሶ መጣ። ዘርአብሩክ በቀይ እስክሪብቶ አርሞታል! ማስታወሻ ሦስት፦ ገጹ ተሳስቷል። ማስታወሻ ሰባት፦ ምንጩ አልተነበበም። ኧረ በስማም! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለካ ለምሁርም ነው። የኔው ደግሞ «እውነቱን ነው፣ ገጹ ተሳስቷል» ብሎ እርማቱን ይገለብጣል። ደሜ ፈላ።

ቅዳሜ በማለዳ ቀሰቀስኩት። «አባትህ ገረሴ ላይ ሰው ሲያስታርቁ ምን ይይዙ ነበር? እስክሪብቶ?»

ግቢ ወጥቼ ዝናብ ያጠገበውን ሣር ሁለት እፍኝ ነጭቼ እጁ ላይ አደረግሁለት። እኛ ጋሞዎች ዘንድ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ ነውር ብቻ ሳይሆን እርግማን ያመጣል። ይህን ለማወቅ ሁለቱም መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም።

«መምህር ነኝ እኮ፤ ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። ሂድ!»

ዘርአብሩክ ወደሚኖርበት ወደ ሲቀላ ቁልቁል ወረድን። እንዳያመልጠኝ እኔ ከኋላ ነኝ። ስንደርስ ዕቃውን የጫነው አይሱዙ ሞተሩ ተነሥቷል፤ ዘርአብሩክ ጋቢና ገብቶ በሩን ዘግቷል። እንድሪያስ ሮጦ መኪናው ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ ሣሩን በሁለት እጁ ወደ ላይ ያዘ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። እንድሪያስ አልተነቃነቀም።

ዘርአብሩክ በሩን በርግዶ ወረደ። «ተው እንድሪያስ! ጎሜ ውስጥ አትክተተኝ!» እያለ መጥቶ አጠገቡ ተንበረከከ፤ ከሣሩም ግማሹን ወሰደ።

«መጽሐፉን አንተ አንብበኸው ነበር» አለ እንድሪያስ። «ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ቀንቼብህ ነው።»

ዘርአብሩክ እንባው እየወረደ ሳቀ። «እኔም ምዕራፍ ስድስት ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር።»

እፎይ! ሁለት ዓመት ሙሉ የያዝኩትን ትንፋሽ ያን ጊዜ ተነፈስኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሾፌሩም እያጉረመረመ ሞተሩን አጠፋ። ሽሮ በልተው ነው የተለያዩት።

የዕርቁ ምዕራፍ በአንድ ሳምንት አለቀ፤ ሁለት ገጽ ብቻ ሆነ። እንድሪያስ ሙሉ ረቂቁን አዋሳ ለዘርአብሩክ ላከ። ከወር በኋላ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተዥጎርጉሮ ተመለሰ። እኔ ደነገጥኩ። እሱ ግን ገጹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ይስቃል።

«ሁሉንም አንብቦልኛል እኮ፣ በለጥሽ» አለኝ።