ዓይኔን አምጭ

በአንድ ሥራ ረግቼ አላውቅም። ባሕር ዳር ማስታወቂያ ቤት ተቀጥሬ ለሬዲዮ ጽፌያለሁ፣ ሠርግ ቀርጫለሁ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ አበባ ሥያለሁ። ከሥራ መልስ ሸክላ ጀመርሁ፤ ሸክላው ሳይደርቅ ጥልፍ አማረኝ። እጄ ሥራ አያጣም፤ ልቤ ግን አያርፍም።

ልጄ የምታድገው ደብረ ታቦር፣ እናቴ ዘንድ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እሷ ስሄድ ሚኒባሱ ሐሙሲት ቆሞ ሰው ሲጠራ ደሜ ይፈላ ነበር። ደርሼ ነጠላዬን ሳላወርድ፣ "ነገ ነው የምትሄጅው?" ትለኛለች ልጄ። አንድ እሑድ አስቀድሼ ስወጣ እግሬ ወደ መናኸሪያ እንቢ አለኝ። ቀረሁ። ለአለቃዬ ስደውልለት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ሌላ ሰው እንደማይቀጥር ነገረኝ። እስከዚያ እዚህ እንጀራ ካላገኘሁ ልጄን ትቼ መመለሴ ነው።

የመጣልኝ አንድ ሥራ ብቻ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ባለ ወፍጮ ለወፍጮ ቤታቸው ማስታወቂያ አዘዙኝ።

"የኔን መልክ አርጊበት። ገበሬው የሚያምነው እኔን ነው" አሉ።

ላሜራ ላይ ዱቄት ሲነፉ ሣልኋቸው። ፊታቸውን በጎን አድርጌ ወደ ወንፊቱ አዞርሁት። ባሕር ዳር የተማርሁት እንዲህ ነበር፤ የተሣለው ሰው ዕቃውን ካየ ገዥውም ዕቃውን ያያል።

በገበያ ቀን ተሰቀለ። ከጋፋት በኩል እህል ጭነው የመጡ ሰዎች እያዩት ይሳሳቁ ጀመር። አንዱ ጮክ ብሎ፣ "እማማ፣ ሠላሳውን ብር የት አደረሱት?" አላቸው።

ባለ ወፍጮዋ ወጥተው ቀና ብለው አዩት።

"ምን በደልሁሽ አንች ልጅ? ስጾም ስጸልይ ኖሬ ከይሁዳ ጋር ትቆጥሪኝ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ፊት ለፊት ሆነው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ የሚታያቸው ይሁዳና አጋንንት ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሴ ቆሜ ሳየው ያደግሁት ሥዕል ነው።

"አንቱን ለመንካት አይደለም እማማ። እስከ ነገ ይታገሡኝ፣ አስተካክለዋለሁ።"

"ሌላ ሠዓሊ አስመጣለሁ!"

"እንግዲያው እኔም ወደ ባሕር ዳር መመለሴ ነው።"

"ልጅሽስ?"

ላሜራውን ላወርድ መሰላል አቀረብሁ። መሰላሉን ከሥር ያዙልኝና፣ "በይ ዓይኔን አምጭ" አሉ።

አማትቤ ጀመርሁ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለስሁት፤ እንደ ቅዱሳኑ ዓይን ትልልቅ አድርጌ ዙሪያውን በጥቁር ቀለም ከበብሁት። እጃቸው ይነፋል፤ ወንፊቱን ግን የሚያየው የለም። አለቃዬ ቢያየው ይስቅብኝ ነበር።

በማግሥቱ ባለ ወፍጮዋ ሥሩ ቆመው ብዙ አዩት።

"ዱቄቱ ይፈስ ይሆናል እንጂ" አሉ፣ "አሁንስ እኔ ነኝ።"

ያው ሰውዬ አህያውን እየነዳ መጣ። "እማማ፣ ንስሐ ገቡ እንዴ?"

"ዝም በልና እህልህን አውርድ!"

በዚያው ሳምንት ዳቦ ቤቱ ጠራኝ፤ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው፤ ሁለቱም ፊት ለፊት ሣይን አሉኝ። ተመስገን። ልቤ ዛሬም አላረፈም፤ ሰሞኑን ደግሞ ቆዳ ላይ መሣል አምሮኛል።

ለሁዳዴ ዋዜማ አለቃዬን ሌላ ሰው ቅጠር አልሁት። ልጄ አጠገቤ ነበረች። እንደ ልማዷ "ነገ..." ብላ ጀመረችና ተወችው።